የጻፈና ያስጻፈ

አማርኛ «ጻፈ» በሚለው ግሥ ፊት ሁለት ፊደላት ጨምሮ «አስጻፈ» ይላል። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ርቀት ግን ከሁለት ፊደላት እጅግ ይበልጣል። በአንደኛው ጫፍ ብዕር የያዘ እጅ አለ፤ በሌላኛው ጫፍ ገንዘብ የያዘ እጅ። የቀድሞዎቹ የብራና ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። በየገዳማቱና በየአድባራቱ በሚገኙት የግዕዝ መጻሕፍት መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ጸሎት እናነባለን፤ ለጻፈውም፣ ላስጻፈውም፣ ላነበበውም፣ ለሰማውም ምሕረትን የሚለምን ጸሎት። ያስጻፈው የብራናውን፣ የቀለሙንና የጸሐፊውን ቀለብ ወጪ የቻለው ባለጸጋ ነው። የጻፈው ደግሞ ቁም ጸሐፊው ነው። ቁም ጸሐፊው የድርሰቱ ባለቤት አይደለም፤ ከፊቱ የተቀመጠውን መጽሐፍ ፊደል በፊደል የሚገለብጥ ሰው ነው። እንዲያም ሆኖ ከባለጸጋው ጋር በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይታሰባል፤ እንዲያውም ቀድሞ ይጠራል።

ዛሬ ላነሣው የወደድሁት ጉዳይ የዘመናችንን አስጻፊዎች ይመለከታል፤ ይኸውም ባሕር ማዶ ያለን ሰው በኢንተርኔት በኩል በርካሽ ዋጋ ረዳት ወይም ጸሐፊ አድርጎ መቅጠር ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንድ አሜሪካዊ ነጋዴ ቀጠሮ የሚይዝለት፣ ደብዳቤውን የሚመልስለት፣ ሒሳቡን የሚመዘግብለት ሰው ይፈልጋል። በከተማው የሚጠየቀው ደመወዝ ስለሚከብደው በማኒላ ወይም በባንጋሎር የተቀመጠ ሰው ይቀጥራል። ፈረንጆቹ «ቨርቹዋል አሲስታንት» ይሉታል፤ እኛ የርቀት ረዳት ልንለው እንችላለን። ሐሳቡን በሰፊው ካስተዋወቁት አንዱ ቲም ፌሪስ የተባለው አሜሪካዊ ነው፤ በ2007 ባሳተመው፣ በሳምንት አራት ሰዓት ብቻ ሠርቶ ስለ መኖር በሚሰብከው መጽሐፉ። ገበያዎቹም ተከትለው ደሩ። በ2003 የተቋቋመው ኦዴስክ ከኢላንስ ጋር ተዋሕዶ በ2015 አፕወርክ ተባለ። በ2010 በእስራኤል የተመሠረተው ፋይቨር ስሙን ያገኘው መጀመሪያ እያንዳንዱ ሥራ ይሸጥበት ከነበረው ከአምስት ዶላር ነው። ከአምስቱ አንዱን ገበያው ያስቀራል፤ ለሠራተኛው አራት ይደርሰዋል።

«ርካሽ» የሚለውን ቃል ስሰማ ከገጣሚነቴ ይልቅ የባንክ ሠራተኛነቴ ቀድሞ ይነሣል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶ ብርን አለፈ። አዲስ አበባ ተቀምጦ አንድ ገጽ በአምስት ዶላር የሚጽፍ ሰው፣ ጽሑፉ አንዲት ቃል ሳይሻሻል፣ በብር ሲቆጠር ገቢው እጥፍ ሊሆን ተቃረበ። (ዘይቱና ስኳሩ ምን እንዳደረጉ ለእናንተ አልነግርም።) ለአስጻፊው ግን ያው አምስት ዶላር ነው። ሰውየውን ርካሽ ያሰኘው በየጠዋቱ በግድግዳችን ላይ የምንለጥፈው ሰሌዳ እንጂ በራሱ ላይ ያለ አንዳች ነገር አይደለም። ስለዚህም ዝቅተኛ ክፍያ ባየሁ ቁጥር «ብዝበዛ!» ብለው ከሚጮኹት ጋር ወዲያው አልሰለፍም። ለኒው ዮርክ የምሳ ዋጋ የሆነ ገንዘብ ለሌላው ቤት የሳምንት አስቤዛ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የማያውቅ ባንከኛ የለም።

የፊሊፒንስን ነገር እንመልከት። የዚያች አገር ልጆች እንግሊዝኛን ያወቁት ለገበያው ብለው አይደለም። አሜሪካ በ1898 አገሪቱን ከስፔን ተረከበች፤ በ1901 «ቶማስ» በተባለች መርከብ በመቶዎች የሚቆጠሩ አሜሪካውያን መምህራን ማኒላ ወረዱ፤ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ ሆነ። በ1946 ነፃነት መጣ፤ ቋንቋው ግን አልሄደም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም ከፊሊፒኖ ጋር የመንግሥት ሥራ ቋንቋ አድርጎ አጽንቶታል። የዛሬው አሜሪካዊ ነጋዴ በርካሽ አገኘሁት የሚለው ጥሩ እንግሊዝኛ እንግዲህ አያቶቹ ባልተጠየቁ ሕዝቦች ላይ ያስቀመጡት ተቀማጭ ወለድ ነው። የባንክ ቋንቋ ስለ ተጠቀምሁ ይቅርታ፤ ከዚህ የተሻለ አላገኘሁለትም።

ሥራውስ? በሰኔና በሐምሌ ኒው ዮርክ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ማኒላ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። የርቀት ረዳቷ ልጆቿን አስተኝታ የሰው አገር ቀን ትጀምራለች ማለት ነው። ይህ ቀላል ድካም አይደለም። ነገር ግን ሌላውን መንገድ እኛ ኢትዮጵያውያን በሚገባ እናውቀዋለን። በቤይሩት፣ በዱባይና በጅዳ የሰው ቤት የሚያጸዱት እኅቶቻችን ከፊሊፒንስ ሴቶች ጋር ጎን ለጎን ነው የሠሩት። ልጅን ለእናት ትቶ፣ ፓስፖርትን ለአሠሪ አስረክቦ ከመሄድና በገዛ ቤት ሌሊቱን በኮምፒዩተር ፊት ከማሳለፍ የቱ እንደሚሻል መምረጥ የሚያስቸግረው ሰው ያለ አይመስለኝም። ቀጠሮ ማስያዝን፣ የአውሮፕላን ቲኬት መቁረጥን፣ ሒሳብ መመዝገብን በተመለከተ እንግዲህ ክርክር የለኝም፤ ይቀጠሩ፣ ይከፈላቸው፣ በሰዓቱም ይከፈላቸው።

ወደ ጽሑፍ ስንመጣ ግን ነገሩ ይለያል። የአውሮፕላን ቲኬት የቆረጠ ሰው ሥራውን ሲያስረክብ ከራሱ የሚለየው ነገር የለም። ገጽ የጻፈ ሰው ግን ሁለት ነገር ያስረክባል፤ ጽሑፉንና ስሙን። ለመጀመሪያው ይከፈለዋል። ሁለተኛው በምርቃት ይሄዳል።

ጎረቤታችንን ኬንያን እንውሰድ። በ2007 ኤምፔሳ ገንዘብን በስልክ ማስተላለፍ ጀመረ፤ በ2009 የባሕር ሥር የኢንተርኔት ገመዶች ሞምባሳ ደረሱ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ሥራ ያጣ ብዙ ወጣት ደግሞ ቀድሞም ነበር። ሦስቱ ሲገናኙ ናይሮቢ ለአሜሪካና ለእንግሊዝ ተማሪዎች የቤት ሥራና የመመረቂያ ጽሑፍ የሚዘጋጅባት ከተማ ሆነች። ኬንያ የተወለዱት የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዋ ፕሮፌሰር ፓትሪሺያ ኪንጎሪ ይህንኑ ዓለም ያጠኑ ሲሆን፣ በ2024 «ዘ ሻዶው ስኮላርስ» በተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ቀርቧል። አውስትራሊያ በ2020፣ እንግሊዝ በ2022 እንዲህ ያለውን ንግድ በሕግ ከለከሉ። ሕጎቹ የሚያነጣጥሩት በሻጩ ላይ ነው፤ ገዢው ተማሪ ጉዳዩ የሚታየው በዩኒቨርሲቲው ደንብ ነው። ልብ በሉ፤ ዛሬ ስለ ነርስነት፣ ነገ ስለ ውል ሕግ፣ ከነገ ወዲያ ስለ ሼክስፒር አንብቦና ተረድቶ በአንድ ሌሊት አሥር ገጽ የሚያወጣው ወጣት ናይሮቢ ቀርቷል፤ ጥቁር ካባ ለብሶ ፎቶግራፍ የሚነሣው ሌላ ነው። ዕውቀቱ አንደኛው ዘንድ ቀረ፤ ወረቀቱ ሌላኛው ዘንድ።

ማንነቱን ሳልነካ ከመስኮቴ አንድ ነገር ላውራ። ከውጭ ገንዘብ የመጣለት ወጣት ነበር። ቅጹ የገንዘቡን ምክንያት ይጠይቃልና ጠየቅሁት፤ «የጽሑፍ ክፍያ ነው» አለኝ። አላስቻለኝምና የት ታትሞ ላገኘው እንደምችል ጨምሬ ጠየቅሁት። «እሱን እኔም አላውቅ፣ ወንድሜ» አለ፤ ሳቀም። ሳቁ መራራ አልነበረም፤ ተራ ሳቅ ነበር። እኔን ያስገረመኝም ተራነቱ ነው።

«ይህ አዲስ ነገር አይደለም» የሚል አንባቢ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። አሌክሳንደር ዱማ «ሦስቱ ሙስኬተሮች»ንና «የሞንቴ ክሪስቶው ኮንት» እያልን የምናደንቀውን ታሪክ ሲያዘጋጅ ኦጉስት ማኬ የተባለ የታሪክ መምህር አብሮት ይሠራ ነበር፤ ሴራውን ይነድፋል፣ ረቂቁን ያቀርባል፣ ዱማ ያሰፋዋል፣ ነፍስ ይዘራበታል። በሽፋኑ ላይ የወጣው የዱማ ስም ብቻ ነው። ማኬ በኋላ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1858 ገንዘብ ተፈረደለት፣ የደራሲነት ስም ግን ተከለከለ። ፍርድ ቤቱ ራሱ ጽሑፍና ስም ሁለት የተለያዩ ሒሳቦች መሆናቸውን ያን ጊዜ አረጋግጧል ማለት ነው፤ አንደኛውን ከፍሎ ሌላኛውን ዘጋው።

እኔም ብሆን ከዚህ ገበያ ውጭ አይደለሁም። በመሥሪያ ቤታችን ሰርግ ሲሆን፣ ሰው ጡረታ ሲወጣ፣ አለቃ ሲዛወር ግጥም የሚያስጽፈኝ አይጠፋም። የሚያነበው ሌላ ነው፤ ጭብጨባውም የአንባቢው ነው። አይከፋኝም። ለምን ቢባል፣ አዳራሹ ውስጥ አለሁ፤ የትኛው ስንኝ ላይ ሙሽራዋ እንባዋን እንደጠረገች አያለሁ፤ ያስጻፈኝም ሰው በማግስቱ «እግዜር ይስጥልኝ» ይለኛል። ጽሑፌ የት እንደደረሰ አውቃለሁ። ያ ወጣት ያጣው ይህን ነው።

በአስጻፊው በኩልም የሚጎድል ነገር አለ። ኤ. ጄ. ጄኮብስ የተባለው አሜሪካዊ ጸሐፊ በ2005 በኤስኳየር መጽሔት ባወጣው አስቂኝ ጽሑፍ ኑሮውን ሁሉ ሕንድ ላሉ ረዳቶች እንዴት እንዳስረከበ ተርኳል። ደብዳቤውን እነርሱ መለሱለት፤ ከሚስቱ ጋር የነበረውን ንትርክ ሳይቀር በእነርሱ በኩል አደረገው፤ ይቅርታውንም እነርሱ ጻፉለት። ሰውየው የጻፈው ለቀልድ ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ ስናነበው ግን ቀልዱ ቀርቶ የሥራ መመሪያ መስሏል። ባሏ ያላሰበውን ይቅርታ የምትቀበል ሴት ማንን ነው ይቅር የምትለው?

ከኅዳር 2022 ወዲህ ደግሞ ቻትጂፒቲ መጣ። ቃልን በሣንቲም ይገዛ የነበረው አስጻፊ በነፃ የሚጽፍ መሣሪያ አገኘ፤ ርካሽ የነበሩት ጸሐፊዎች በአንድ ጊዜ ውድ ሆኑ። ከእነርሱ መካከል ሥራ የቀረላቸው ብዙዎቹ አሁን የሚታዘዙት መሣሪያው የጻፈውን የሰው እንዲያስመስሉ ነው። መሣሪያው ራሱ ያለ እነርሱ እንዳልቆመ ግን በጥር 2023 ታይም መጽሔት አውጥቶታል፤ ኬንያ ውስጥ በሰዓት ከሁለት ዶላር በታች እየተከፈላቸው፣ ዘግናኝ ጽሑፎችን እያነበቡ፣ መሣሪያው ክፉውን ከደጉ እንዲለይ ምልክት ሲያደርጉ የነበሩ ሠራተኞች አሉ። ስማቸው እዚያም የለም።

በቃል ቁጥር መክፈል የሚባለውም ልማድ እዚህ ላይ ቢነሣ አይከፋም። አንድ ሣንቲም ለአንድ ቃል ከሆነ አምስት መቶ ቃል አምስት ዶላር ነው። እንግዲህ አማርኛ ጸሐፊ በዚህ ሒሳብ ቢቀጠር ከስሮ ይሞታል፤ «ስላላስጻፍናቸው» ስንል አንድ ቃል ነው፣ እንግሊዝኛው ሰባት ቃል ይፈልግለታል። ሥራ በሥራነቱ ይዋዋሉት እንጂ ቃል እንደ ጤፍ አይሰፈርም።

ስምን መሸጥ ይከልከል አልልም። ጄ. አር. ሞሪንገር የተባለው አሜሪካዊ የቴኒስ ተጫዋቹን የአንድሬ አጋሲን ግለ ታሪክ «ኦፕን»ን በ2009፣ የልዑል ሃሪን «ስፔር»ን ደግሞ በ2023 የጻፈ ሰው ነው። አጋሲ ስሙ በሽፋኑ ላይ እንዲወጣ ጠይቆት ነበር፤ እርሱ ራሱ አልፈልግም አለ። ስሙን ተጠይቆ ተወ፤ በምትኩ የአጋሲ ምስጋና በመጽሐፉ ውስጥ ታትሞለታል። ናይሮቢ ወይም ማኒላ ላለው ጸሐፊ ግን ጥያቄው ራሱ አይደርሰውም። የታላላቆቹ ገበያዎች ውል፣ ሁለቱ ወገኖች በሌላ ካልተስማሙ በቀር፣ ክፍያው እንደተፈጸመ መብቱን ጠቅልሎ ለገዢው ያስተላልፋል። ሥራ ሲታዘዝ የሚሞላው ቅጽ የቃሉን ብዛት፣ የማስረከቢያውን ቀንና ዋጋውን ይጠይቃል። «የጸሐፊው ስም ይውጣ ወይስ ይቅር?» የሚል አንድ መስመር ማስጨመር፣ በእነርሱው የገበያ ዋጋ ቢሠራ፣ ከአምስት ዶላር አይበልጥም።