ስለ ጎርፉ ብክለት ማን ይመስክር፦ ሞዴሉ ወይስ ናሙናው?

ሳይለካ አይታመን

የከተማ ጎርፍ ጠርጎ የሚወስደውን ቆሻሻ በኮምፒውተር ማስላት ዘንድሮ የመጣ ነገር አይደለም። በየሀገሩ የሚሠራበት «ስዊም» የተባለው የአሜሪካ ሞዴል የወጣው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። ስሌቱ በደረቁ ቀናት አስፋልት ላይ አቧራ፣ ዘይትና የጎማ ብናኝ ይከማቻል፣ ዝናብ ሲጥል ይታጠባል ከሚል ሐሳብ ይነሣል። ሲሰሙት ያሳምናል። እንደዚያ ከሆነ መንገድ አዘውትሮ መጥረግ ወንዙን ሊታደግ ይገባ ነበር። ነገር ግን ከ1979 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. በ28 የአሜሪካ ከተሞች ጎርፉ በናሙና ሲጠና፣ መጥረግ የጎርፉን ጥራት እምብዛም እንደማያሻሽል ታወቀ። ይህን የነገረን ቦይ ዳር ቆሞ በጠርሙስ የቀዳ ሰው ነው።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ይብሳል። የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ከጎርፍ መውረጃው ጋር ስለሚቀላቀል ቱቦው በጠራራ ፀሐይም ይፈሳል። ዝናብ የሚጠብቅ ቀመር ይህን ከየት ያመጣዋል? የውኃው መጠን ገጠመ ተብሎ ሞዴሉ ሲመሰገን ያሳዝነኛል፤ ውኃው መግጠሙ ስለ ቆሻሻው ምስክር አይሆንም። በአንድ ክረምት ናሙና የተስተካከለ ሞዴል በሌላ፣ ባላየው ዝናብ መፈተን አለበት። ይህን ፈተና ያላለፈ ቁጥር በጀት አይመደብበት።

ልኬት እስኪሟላ አይጠበቅ

ባልደረባዬ የሞዴሉን ጉድለት በትክክል ተናግረዋል። የማልስማማው በሚጠይቁት ፈተና ነው። የሐምሌ ዝናብ በሌሊትም ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜ ቆሻሻው የሚበረታበት የጎርፉ ግንባርም በደቂቃዎች ያልፋል። ጠርሙስ የያዘው ሰው ዘግይቶ ከደረሰ የሚቀዳው ተራፊውን ነው። ናሙናም ፈታኝ ያስፈልገዋል።

ሞዴል የሚመዘነው በተጠየቀው ጥያቄ ነው። በአንድ ሊትር ጎርፍ ስንት ሚሊግራም ዚንክ አለ ካልነው፣ ያለ ናሙና አይሆንም። የቆርቆሮ ጣሪያ ውኃን አፈር ውስጥ ማስረግ ይሻላል ወይስ ቦዩ ጫፍ ላይ ኩሬ መሥራት ካልን ግን፣ ግምቶቹን ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ እየቀያየርን ደጋግመን እናሰላለን። በሁሉም ስሌት አንዱ ከበለጠ ምርጫው ታወቀ ማለት ነው። ብልጫው ከተለዋወጠ ደግሞ የትኛው ግምት እንደለዋወጠው ይታያል፤ ጠርሙሱ መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው። ባልደረባዬ ያነሡት የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽም እንደ ቋሚ የበጋ ፍሰት ወደ ስሌቱ ሊገባ ይችላል።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ይህን ሁሉ ቆሻሻ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳሉ። በዚያ ውኃ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጣ ገበሬ፣ የሚበላውም ከተሜ፣ የኛን ልኬት ሲጠብቁ መክረም የለባቸውም።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

የግምቶቹ ዝቅተኛና ከፍተኛ ከየት መጡ? ከሌላ ሀገር ከተማ ከተቀዱ፣ የኛ ቱቦ ከሁለቱም ውጭ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ደጋግሞ ማስላት ያንኑ ስሕተት መደጋገም ነው። ገበሬው አይጠብቅ ባሉት እስማማለሁ። ስለዚህ ለኩሬው ከሚመደበው ገንዘብ ለናሙና የሚሆነው ከወዲሁ ይቀነስ፤ ጠርሙሱም ዝናቡ ሳይጀምር ቦይ ዳር ይገኝ።