ብየዳው የት እንዳለ እነግራችኋለሁ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ገጼ ላይ አንድ የቆየ የኮርሳ ሳይክል ፍሬም ለሽያጭ ማቅረቤን ያያችሁ አላችሁ። ፎቶውን ስለወደዳችሁት አመሰግናለሁ። ከፎቶው ሥር ግን «በቀኝ በኩል ከፔዳሉ ኋላ ተሰንጥቆ ነበር፣ ተበይዷል» ብዬ በመጻፌ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር እየገባ መክሮኛል። ምክሩ አንድ ዓይነት ነው፦ «ይቺን ነገር አጥፋት።» ዛሬ የማላጠፋበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። የገዛሁት መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። ዝገት ቀለሙን በልቶት ከሌላ ብረታ ብረት ጋር ተከምሮ ነበር። የታክሲ ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ አስከፍሎኝ ከመገናኛ አያት አደረስኩት። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ ሲያባራ በረንዳ ላይ እየወጣሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት። የድሮው ቀለም ሲነሳ ስንጥቁ ብቅ አለ። ርዝመቱ የትንሽ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው። ቀለም ቀብቼበት ቢሆን ማንም አያየውም ነበር።

የድሮ ኮርሳ ቱቦ ከሚመስለው በላይ ቀጭን ነው። ጥሩ የሚባሉት የሚላኑ ኮሎምበስም ሆነ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራው የእንግሊዙ ሬይኖልድስ 531 ዓይነት ቱቦዎች ጫፋቸው ላይ ወፈር ብለው መሃላቸው ላይ ይሳሳሉ። ብዙ ጊዜ ውፍረታቸው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሲገጣጠሙም እንደ መስኮት ፍርግርግ በኤሌክትሮድ አይደለም፤ ቱቦው እጅጌ መሰል ማያያዣ ውስጥ ገብቶ በመሃል ነሐስ ይፈስበታል። ነሐሱ 900 ዲግሪ ገደማ ላይ ይቀልጣል፤ ብረቱ ግን ለመቅለጥ 1,500 ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ብረቱ ሳይቀልጥ ነሐሱ ብቻ ፈስሶ ያጣብቃል። የብረት ፍሬም ከአርባና ሃምሳ ዓመት በኋላም መጠገን የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው። የኔንም በኦክስጅን የሚበይድ ጎበዝ ባለሙያ በነሐስ ሠርቶልኛል። ከሌላ ሳይክሌ ላይ ቸርኬዎቹን ፈትቼ ገጥሜለት ከአያት በሲኤምሲ እስከ መገናኛ ሁለት ወር ነድቼዋለሁ። ምንም አላለም።

ታዲያ ምንም ካላለ ለምን ትናገራለህ? ይህንን የጠየቀኝ በፊት ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን ድለላ ላይ ነው፣ ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ደወለልኝ።

«ቲቸር፣ በስንት አወጣኸው?»

«በ14 ሺህ።»

«ስለ ብየዳው ከጻፍክ በኋላስ ስንት ሰጡህ?»

«ዘጠኝ።»

«አየህ! አንድ መስመር ጽፈህ አምስት ሺህ ብር አጣህ። ቲቸር፣ እውነት መናገር ክፍል ውስጥ ነው።»

ሳቅኩኝ፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን አልሳቅኩም። አምስት ሺህ ብር ለመምህር ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ እሱም ያውቃል። ምክሩ በዚህም አላበቃም። «የቢያንኪ ስቲከር አሠርተን እንለጥፍበት። ከዚያ ደግሞ በጃንሆይ ጊዜ ኦሎምፒክ ከሄዱት ሳይክሎች አንዱ ነው በል፤ ማን ያጣራል?» አለኝ።

እስቲ እናጣራው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ነው። ያኔ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ሄደዋል፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው፣ በኋላም ሮም ላይ ተወዳድሯል። ይህ የምንኮራበት እውነተኛ ታሪክ ነው። የኔ ፍሬም ግን ከዚህ ታሪክ ጋር የሚያገናኘው አንድም ማስረጃ የለውም። ቢያንኪም በ1885 እ.ኤ.አ. ሚላን ውስጥ የተመሠረተ ስመ ጥር ፋብሪካ ነው። የኔ ፍሬም የፔዳሉ ኩሽኔታ የሚገባበት ጥርስ 36 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የጣሊያን ስታንዳርድ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ያንን ስታንዳርድ ስንቱ ፋብሪካ ተጠቅሞበታል! ማን እንደሠራውና በየትኛው ዓመት እንደተሠራ የሚናገር ቁጥርም ሆነ ምልክት አላገኘሁበትም። የገረመውን ላብ ተበድሬ የኔን ብረት ላስወድድበት? ይህ ነውር ነው።

የብየዳው ነገር ደግሞ ከነውርም ያልፋል። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ እንጦጦ ማርያም ድረስ በሳይክል የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሲወጣ ሳንባ ይፈተናል። ሲወረድ ግን የሚፈተነው ብረቱ ነው። እዚያ ቁልቁለት ላይ ያ ቱቦ ቢለቅ የኋላው ጎማ ያፈነግጣል፣ ልጁም አስፋልት ላይ ነው። ባለሙያው በደንብ እንደበየደው አምናለሁ። ነገር ግን የቱቦውን ውስጥ እሱም እኔም አላየንም፤ ቀጭን ብረት ደግሞ ሙቀት ከበዛበት ይደክማል። «የተበየደ ቦታ ከበፊቱ ይጠነክራል» የሚሉኝ ሰዎች ቁልቁለቱን የሚወርዱት እነሱ አይደሉም። እኔ አውቄ ነው የነዳሁት፤ አደጋውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ብየዳውን ብደብቅ ግን ለገዢው ሳይነገረው እኔ መረጥኩለት ማለት ነው። አንገቱ የራሱ ነው፣ ምርጫውም የራሱ መሆን አለበት።

አንዳንዶቻችሁ «ሁሉም ይደብቃል፣ አንተ ብቻ ተናግረህ ምን ታመጣለህ?» ብላችሁኛል። ጥያቄው ትክክል ነው፤ መልሱ ግን እዚያው ጥያቄው ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሁሉም ስለሚደብቅ ገዢ ማንንም አያምንም። መኪናም ይሁን ፍሪጅ ሊገዛ ሲመጣ «መቼም የደበቀኝ ነገር አይጠፋም» ብሎ ዋጋውን አስቀድሞ ይቆርጣል። ስለዚህ ደህና ዕቃ ያለው ሰው ያልሠራውን ውሸት ሒሳብ ይከፍላል። እኔ ያጣሁት አምስት ሺህ ብር የእውነት ቅጣት ነው ትሉኛላችሁ። ከፊሉ የብየዳው ትክክለኛ ዋጋ ነው፤ ይሁን፣ ይገባል። የቀረው ግን ከኔ በፊት የዋሹት ሻጮች ዕዳ ነው። እኔም ብደብቅ ከኔ ቀጥሎ ለሚሸጠው ዕዳውን አሳድጌ አወርሰዋለሁ።

ስለዚህ የቆየ ዕቃ የምታድሱ ልጆች፣ አንድ ነገር ልምከራችሁ፦ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ብረቱ እርቃኑን ሳለ ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ለገዢ ከአዲሱ ቀለም ይልቅ ያ ፎቶ ይጠቅመዋል።

ገዢዎች ደግሞ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ አትሁኑ፤ ቀለም አይታችሁ ብር አትቁጠሩ። የብረት ፍሬም ልታዩ ስትሄዱ ትንሽ ማግኔት ያዙ፤ ስቱኮ የተሞላበት ቦታ ላይ ማግኔቱ መያዙ ይላላል። ከመሪው ቱቦ ወደ ፔዳሉ የሚወርደውን ቱቦ ሆዱን በጣታችሁ ዳብሱ፤ ከመሪው አጠገብ እብጠት ወይም ሽብሽብ ካገኛችሁ ያ ሳይክል ፊት ለፊት ተጋጭቶ ሊሆን ይችላል። ክር ደግሞ ከኋላው ጎማ መያዣ ከአንዱ ጎን ጀምራችሁ በመሪው ቱቦ ዞራችሁ ወደ ሌላው ጎን ወጥሩ። ክሩ ከመቀመጫው ቱቦ በግራም በቀኝም እኩል ካልራቀ ፍሬሙ ተጣሟል። የመቀመጫው ዘንግ ተነቅሎ እንዲወጣም ጠይቁ፤ ዝገት ይዞት እንቢ የሚል ብዙ ነው። ሻጩ በነዚህ ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ለማንኛውም ፍሬሙ እስካሁን አልተሸጠም። ዘጠኝ ሺህ የሰጠኝ ሰው ሐሳቡን ካልቀየረ የሱ ነው፤ ከቀየረ ደግሞ የሚፈልግ ይምጣ። የኋላው ስፋት 126 ሚሊ ሜትር ነው፤ የኔን 130 ቸርኬ ትንሽ ከፈት አድርጌ ነው ያስገባሁት። ሹካው ላይ ቀለም የሸፈነው ትንሽ የዝገት ጉድጓድ አለ፣ እሱንም ልብ በሉ። ብየዳው ከቀለም በፊት የተነሳው ፎቶ ከታች አለ፤ አስፍታችሁ እዩት።

ያ የቀድሞ ተማሪዬም ይህን እንደሚያነብ አውቃለሁ። አልተቀየምኩህም፤ ለኔ ብለህ ነው። ግን አንድ ቀን ለራስህ ልጅ ሳይክል ልትገዛ ትወጣለህ። ያን ቀን የሚሸጥልህ ሰው ስለ ብየዳው ይነግርህ ዘንድ ትፈልጋለህ ወይስ አትፈልግም? ኮሜንት ላይ ጻፍልኝ። ማርክ አለው።