መዝገቡ የማን ነው?

ስለ ገጠር የኅብረት ሥራ ማኅበራት ድክመት በተነሳ ቁጥር የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፦ ሥልጠና። ሥራ አስኪያጁ ኮምፒውተር ይልመድ፣ በቴሌግራም ገበያ ያፈላልግ፣ «የሥራ ፈጣሪነት አስተሳሰብ» ያዳብር። ጥሩ፤ ማን ይጠላል? እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ማኅበሩ የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

በ2009 የወጣው አዋጅ ቁጥር 985 መልሱን ሰጥቷል፤ ማኅበሩ የአባላቱ ነው፣ ዕጣ የበዛለትም ያነሰውም አንድ ድምፅ አለው። ሥራ አስኪያጁ ተቀጣሪ ነው። ታዲያ ለተቀጣሪው ታብሌት ሰጥተን ባለቤቱን በጨለማ ከተውነው፣ ያሠለጠንነው ማንን ነው?

ገበሬው ቡናውን ወይ ስንዴውን አስመዝኖ ለማኅበሩ ያስረክባል። ማኅበሩ ለዩኒየኑ፣ ዩኒየኑ ለገዢ። በስንት ተሸጠ? ለመኪና ስንት ወጣ? ብዙ ጊዜ ገበሬው የሚሰማው በጠቅላላ ጉባኤ በጥድፊያ የሚነበብ ሪፖርት ብቻ ነው። የተሰወረ ሒሳብ በኤክሴል ቢሠራም ያው የተሰወረ ነው።

«ገበሬው ዲጂታል አይገባውም» የሚሉ አሉ። ኧረ ተዉ! ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ያለ ኢንተርኔት በተራ ስልክ *127# ብሎ ብር የሚልክና የሚቀበል የገጠር ሰው ሞልቷል። ልጁ የላከለትን ብር መልእክት አንብቦ ወይ አስነብቦ የሚያረጋግጥ ሰው፣ የገዛ ማኅበሩን ሒሳብ መረዳት እንዴት ያቅተዋል?

ስለዚህ ሥልጠናው ከዚህ ይጀምር፦ አባሉ ባስረከበ ቀን ኪሎውና ዋጋው በሚያውቀው ቋንቋ በስልኩ ይድረሰው። ማኅበሩ ሲሸጥም የተሸጠበት ዋጋ ይድረሰው። ማንበብ ለማይችል በማኅበሩ ደጃፍ ጮክ ተብሎ ይነበብለት። ይህን የለመደ ሥራ አስኪያጅ፣ ለእኔ ሠልጥኗል።

ሥራ ፈጣሪነቱም እንደዚያው ነው። ነጋዴ የሚደፍረው በራሱ ብር ነው፤ የማኅበር ሥራ አስኪያጅ የሚደፍረው በጎረቤቱ ብር ነው። ወፍጮ እንትከል፣ የጭነት መኪና እንግዛ ሲል፣ «እሺ፣ ግዛ» ማለት ያለባቸው ሒሳቡን ያዩ አባላት ናቸው። ያላዩትን ሒሳብ በጭብጨባ ማጽደቅ ፈቃድ አይባልም።

ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ተምረነዋል። በደርግ ዘመን የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከላይ በመጣ መመሪያ ተደራጁ። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ገበሬው ሳይውል ሳያድር አብዛኞቹን በተናቸው፤ በሬውንም መሬቱንም ተከፋፈለ። የበተናቸው ኮምፒውተር ስለሌላቸው አልነበረም፤ «የእኔ ናቸው» ብሎ ስለማያውቅ ነው።