ሲሊኮን ወለል አያስተካክልም

«ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም ግድ የለም፤ የሻወር ትሬዩን በሴራሚክ ስባሪ ደግፎ ዙሪያውን በሲሊኮን መድፈን ይበቃል» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። አይበቃም! የአክሪሊክ ትሬይ ከሥሩ ባዶ ከሆነ ሰው በቆመበት ቁጥር ይጎብጣል፤ ሲሊኮኑ ከግድግዳው ይላቀቃል፣ የሲፎኑ ማያያዣ ይላላል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ ፍሳሹን ቀድሞ የሚያየው ከታች ያለው ጎረቤት ነው፤ ያ ሰው ምን አጠፋ?

«ወደ ማፍሰሻው አዘንብሉት» የሚለው ምክር ይብሳል። ተዳፋቱ ከፋብሪካ ተሠርቶ ይመጣል፤ ጠርዙ በውሃ ልክ በየአቅጣጫው እኩል መሆን አለበት።

ያበጠውን ሊሾ ጥረቡ፣ አቧራውን ጥረጉ፣ ከትሬዩ ሥር የሲሚንቶና አሸዋ ቡኬት ክፍተት ሳትተዉ አንጥፉ፣ ትሬዩን ካስቀመጣችሁ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት አትርገጡት። ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊትም ውሃ ለቃችሁ የሲፎኑን ማያያዣ በእጃችሁ ዳስሱ።