ወላጆቻችሁን ወደ ኢየሩሳሌም ስትሸኙ

ኢየሩሳሌምን መሳለም የኢትዮጵያ ክርስቲያን የቆየ ምኞት ነው። በደጀንም ኾነ በሌላው የጐጃም አገር፣ ከእህላቸው ዋጋ ቈጥበው ወይም ልጆቻቸው ረድተዋቸው ለትንሣኤ በዓል የሚሄዱ አረጋውያን አሉ። በ1916 ዓ/ም አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ የጐጃሙን ራስ ኃይሉን አስከትለው በሄዱ ጊዜ መንገዱ በባቡርና በመርከብ ነበር። የዛሬው ተሳላሚ ግን የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ አዲስ አበባ ከደረሰ፣ የቀረውን አይሮፕላን በጥቂት ሰዓት ያደርሰዋል። ድካሙ የሚዠምረው ከደረሰ በዃላ፣ የታክሲ ነጂዎች ሲከቡት ነው።

አንዱ ሻንጣውን ሊቀበለው እጁን ይዘረጋል፤ ኹለተኛው «ሩቅ ነው፤ በእግር አይደረስም» ይለዋል፤ ሦስተኛው ቅዱሳን ቦታዎችን ኹሉ በአንድ ቀን አሳይሃለኹ ብሎ፣ ዋጋውን ሳይናገር በር ይከፍትለታል። የእኛ አገር ሽማግሌ ደግሞ ይሉኝታ ያዘው፤ በር ተከፍቶለት መመለስ ነውር ይመስለዋል። ለስለትና ለመባ የተቀመጠው ገንዘብ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ልጆች ወላጆቻቸውን ከመሸኘታቸው በፊት የቦታውን ነገር ማስረዳት ይገባቸዋል። በቅጥር የተከበበችው ጥንታዊት ከተማ ስፋቷ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከያፋ በር እስከ ጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን ለእግረኛ ዐሥር ደቂቃ ያኽል ነው፤ ለአዛውንት ዕጥፍ ቢኾን ነው። መንገዱ ጠባብና ደረጃ የበዛበት ስለ ኾነ መኪና እስከ ደጁ አይደርስም፤ ለመግባትም ገንዘብ አይጠየቅም። እንግዲህ ከበሩ ቆሞ ወደዚያ ለመሄድ ታክሲ መከራየት፣ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። በዚያው ቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ የእኛ መነኰሳት የሚኖሩበት ዴር ሡልጣን አለ። ከቅጥሩም ውጭ፣ በኢትዮጵያ ስም በተጠራው መንገድ ላይ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ አስዠምረውት በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ክቡ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። መንገድ የጠፋበት ሰው ከነጂ ይልቅ በእነዚህ ስፍራዎች ያሉትን የአገሩን አባቶች ቢጠይቅ ይሻለዋል።

መኪና የሚያስፈልግበትም ጊዜ አለ። ቤተ ልሔም ዐሥር ኪሎ ሜትር ያኽል ይርቃል፤ የደከመም አባት እንዲራመድ አይገደድም። በከተማው ውስጥ የዋጋ መቍጠሪያውን ከፍቶ መንዳት በነጂው ላይ በሕግ የተጣለ ግዴታ ነውና፣ ሳይከፈት መነሣት አይገባም። ዐርብ ፀሓይ ሳትገባ ዠምሮ እስከ ቅዳሜ ማታ አብዛኛው የከተማው አውቶቡስ ያቆማል፤ የታክሲውም ዋጋ ይጨምራል። ለሩቅ መንገድ ግን ዋጋው በስንት ሰቅል እንደ ኾነ፣ ለአንድ ሰው ወይስ ለመኪናው እንደ ኾነ፣ መመለሻውም ይገባበት እንደ ኾነ አስቀድሞ በወረቀት ማስጻፍ ነው። ሻንጣም ከስምምነት በፊት ከእጅ አይወጣም። የማይፈልግ ሰው ለዐረቡ «ላ፣ ሹክራን»፣ ለዕብራዊው «ሎ፣ ቶዳ» ይበለው፤ ይኸውም «አይ፣ አመሰግናለኹ» ማለት ነው። አንድ ጊዜ በትሕትና ተናግሮ መንገድን መቀጠል እንጂ መቈጣት አያስፈልግም፤ ነጂውም የልጆቹን እንጀራ የሚፈልግ አባት ነውና።

ደግሞም የምንጠላውን ነገር በራሳችን ደጅ እንመልከተው። የዓባይን ሸለቆ ሊያይ ወይም ወደ ዲማ ጊዮርጊስና ወደ ደብረ ወርቅ ማርያም ሊሄድ ደጀን ላይ ከመኪና የወረደ እንግዳ፣ ገና ላቡን ሳይጠርግ ዕቃው ሲነጠቅ፣ ዋጋም በፊቱ መልክ ሲቈረጥበት ምን ይለናል? እናቱ በኢየሩሳሌም እንድትከበር የሚወድ ልጅ፣ በአገሩ የሌላውን ሰው እናት ያክብር። እንግዳን ዋጋውን በግልጥ ነግሮ፣ እንቢ ባለ ጊዜ በሰላም ማሰናበትን ለልጆቻችን በቤት ውስጥ እናስተምራቸው፤ በጕልምስናቸው ከመናኸሪያ ይማሩታል ብለን አንተወው።