ባልና ሚስት ሁለት ስቴት ሲኖሩ ታክሱ የማን ነው?

አሜሪካ ካሉ ኢትዮጵያውያን ባለትዳሮች መካከል እንጀራ ያራራቃቸው ጥቂት አይደሉም። ሚስት ሎስ አንጀለስ ነርስ ናት፤ ባል ዳላስ ቤት ተከራይቶ መጋዘን ይሠራል እንበል። ጠብ የለም፣ ፍቺ የለም። ያለው ሁለት የቤት ኪራይና የአውሮፕላን ትኬት ነው። የታክስ ወቅት ሲደርስ ደግሞ ሌላ ወጪ ይጨመራል።

ብዙ ሰው "ቴክሳስ የስቴት ኢንካም ታክስ የለም፣ የእሱ ደመወዝ ነፃ ነው" ይላል። እንዲህ ቀላል አይደለም። ካሊፎርኒያም ቴክሳስም በትዳር ውስጥ የተገኘ ደመወዝ የሁለቱ የጋራ ሀብት ነው ከሚሉት 9 ስቴቶች ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ባል ቋሚ መኖሪያው ቴክሳስ ሆኖ 80,000 ዶላር ቢያገኝ፣ 40,000ው በሕግ የሚስቱ ነው። እሷ የካሊፎርኒያ ነዋሪ ናትና ካሊፎርኒያ ይህን ግማሽ በእሷ ገቢ ላይ ይደምረዋል። ባል ለቴክሳስ የከፈለው ታክስ ስለሌለ የሚቀነስላት ነገርም የለም።

በተገላቢጦሹስ? የእሷ ደመወዝ ግማሹ የባሏ ነው። ሥራው የተሠራው ካሊፎርኒያ ውስጥ ስለሆነ ግን ታክሱን ሙሉ በሙሉ የምትወስደው ካሊፎርኒያ ናት። ባልና ሚስቱ ገቢያቸውን በሕጋዊ ውል ካልለዩ በቀር ሚዛኑ በሁለቱም በኩል ወደ አንድ ወገን ያጋድላል።

የባሰም አለ። ስቴቱ "ዳላስ ያለኸው ለጊዜው ነው፣ ቤትህ እዚህ ነው" ብሎ ከወሰነ ሙሉ ደመወዙን ይጠይቃል። ለዚህ ውሳኔ ከሚመዘኑት ነገሮች አንዱ ሚስትና ልጆች የሚኖሩበት ቦታ ነው። ቤተሰቡን ሊያይ የተመላለሰ አባት፣ መመላለሱ ራሱ ማስረጃ ይሆንበታል።

ስቴቶች መከራከሪያ አላቸው። ሀብታሞች በወረቀት ብቻ ፍሎሪዳ ወይም ቴክሳስ "እየኖሩ" ታክስ እንዳይሸሹ መቆጣጠር አለብን ይላሉ። ትክክል ነው። ነገር ግን የኪራይ ውልና የደመወዝ ወረቀት በእጁ ያለ ሠራተኛ የወረቀት ነዋሪ አይደለም።

መፍትሔውም ከሰማይ የሚወርድ አይደለም። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ተስማምተው፣ አሌክሳንድሪያ እየኖረ ዲሲ የሚሠራ ሰው ለደመወዙ የሚከፍለው ለቨርጂኒያ ብቻ ነው። ኮንግረስም በ2009 ባወጣው ሕግ የወታደር ባለቤት የትዳር ጓደኛን ተከትሎ በመሄዱ ብቻ ለአዲሱ ስቴት የደመወዝ ታክስ እንዳይከፍል አድርጓል። ለወታደር ቤተሰብ የተቻለው ለነርሷና ለመጋዘን ሠራተኛው የማይቻልበት ምክንያት የለም። ደመወዝ ሠርቶ ያገኘውን ሰው ይከተል፤ የትዳር ጓደኛን አድራሻ አይከተል።

ሕጉ እስኪስተካከል ግን ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ፎርሙን ከመሙላቱ በፊት ሁለት አድራሻ እንዳላችሁ ንገሩት። ብዙ ባለትዳሮች ይህን የሚናገሩት ከስቴቱ ደብዳቤ ከመጣ በኋላ ነው። ያኔ ቅጣትና ወለድ መቁጠር ጀምሯል።