ረካችሁ ወይ አትበሉን

ቅጹን አውቀዋለሁ። የርቀት ተማሪ ሳለሁ ፈተናው እንዳለቀ ይታደለን ነበር፦ «በተቋሙ የድጋፍ አገልግሎት ምን ያህል ረክተዋል?» ከአንድ እስከ አምስት አክብቡ ነው። ከዲመካ በአይሱዙ ተጭኖ ለፈተና ጂንካ የገባ መምህር ግን ሐሳቡ መመለሻ መኪናው ላይ ነው። አራትን ያከብባል፣ ይወጣል። ያች አራት ሪፖርት ውስጥ ስትገባ «ተማሪዎቻችን ረክተዋል» ትሆናለች።

ምን ረክተን! ሰው ምንም ካልጠበቀ ምን ቅር ይለዋል? ሞጁሉ ሴሚስተሩ ከተጋመሰ በኋላ ይመጣል። ቱቶሪያሉ ዛሬ የለም ተብሎ ይሰረዛል። አሳይንመንት ነጥብ ብቻ ይዞ ይመለሳል፤ ያውም ከተመለሰ። የት ላይ እንደሳትክ የሚነግርህ የለም። ከቱርሚ ጂንካ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዝናብ ጥሎ ደረቁ ወንዝ ከሞላ መንገዱም ይዘጋል። ያን ሁሉ አልፎ ጂንካ ወዳለው የርቀት ማዕከል ለመጣ ሰው «አስተባባሪው ለስብሰባ ወጥቷል» ይባላል። ተስፋ ቆርጦ ያቋረጠውስ? ፈተና አዳራሽ ስለማይገኝ ቅጹም አይደርሰውም። ከሁሉ የከፋው ሰው ከቆጠራው ውጭ ነው!

ይዘጋ የሚሉም አሉ። ነሐሴ 2002 ዓ.ም. መንግሥት የጥራት ችግር አለ ብሎ የርቀት ትምህርትን በጅምላ አገደ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ በቅድመ ሁኔታ ፈቀደ። እገዳው የሚጎዳው ማንን ነው? የአዲስ አበባው ልጅ የማታ ይማራል፤ የኦሞራቴው ጤና ሠራተኛ የት ይሂድ?

ይህ ማለት ግን የጥራት ችግር የለም ማለት አይደለም። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በተሰጠው የመውጫ ፈተና ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ቁጥሩ የርቀቱን ለይቶ አያሳይም፤ ግን ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው፣ የሚሰጠውም በኮምፒውተር ነው። ማዕከሉ አንድ ቀን እንኳ ኮምፒውተር ፊት ያላስቀመጠውን ተማሪ ፈተናው «ረክተሃል ወይ?» አይለውም።

ስለዚህ እርካታውን ተዉትና ቀን ቁጠሩ። ሞጁል ምዝገባ በተዘጋ በ15 ቀን ተማሪው ያለበት ወረዳ ይድረስ። አሳይንመንት ታርሞ፣ አስተያየት ተጽፎበት በ30 ቀን ይመለስ። የተሰረዘ ቱቶሪያል ምትክ ቀኑ ይለጠፍ። ይህ ካልሆነ የከፈልነው ይመለስልን። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንም ፈቃድ ሲያድስ የእርካታ ሪፖርቱን ወደ ጎን ብሎ የቀን መዝገቡን ያገላብጥ።

«አቅም የለንም» እንደሚሉ አውቃለሁ። ክፍያ ለመሰብሰብ ግን አቅም አንሷቸው አያውቅም፤ አንድ ቀን ካሳለፍክ ቅጣቱ ደረሰኙ ላይ ተጽፎ ይጠብቅሃል። እኛ ስንዘገይ የሚያስቀጣ የቀን አቆጣጠር፣ እነሱ ሲዘገዩም ያስቀጣ!